የመቱ ሰዎችና አባ ጨብሳ

በመቱ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ሁሉ ዱንያ ሰማንን ያውቃታል። ሱቋ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ዋጋ ላይ ፍንክች አትልም፣ ስትለካ ግን እጇ ለጋስ ነው። ደራሲ መሆኗን ከተማው ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ሲያውቅም በደህና መንገድ አላወቀም።

ኢሉባቦር ውስጥ ክረምት ሲገባ ዝናብ ይመጣል አይባልም፣ ይሰፍራል ቢባል ይሻላል። ጠዋት የጀመረው ማታ አያባራም፤ ያን ሁሉ ጭቃ አቡክቶ ጨርቅ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ደግሞ የለም። በዚያ ወራት ሌላው ነጋዴ ባንኮኒው ላይ ያንቀላፋል፣ ወይም ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ሰው ያማል። ዱንያ ግን ከጣቃው ጀርባ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር። ምን እንደምትጽፍ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ሂሳብ ነው»። ይህች ውሸት ለዓመታት አገለገለቻት። የነጋዴን ሂሳብ ካላነበብኩ የሚል ባለጌ መቱ ውስጥ የለማ! እውነቱን የሚያውቀው ባሏ ሙከሚል ብቻ ነበር፤ እሱም የበደሌ መስመር ሾፌር ሆኖ ሳለ ምስጢሩን መጠበቁ ራሱን የቻለ ተአምር ነው።

ዱንያ የተወለደችው ያዮ፣ የጫካ ቡና አገር ነው። አባቷ ሰማን ቡና ተከትሎ ከአጋሮ የመጣ ነጋዴ ነበር። እሱ ራሱ ከቁርአን በቀር ያነበበው ነገር አልነበረም፤ ልጁ እንድትማር ግን ከወንድሞቹ ጋር እስከ መኳረፍ ደርሷል። ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ መቱ ዘመድ ቤት አስቀምጦ ሁለተኛ ደረጃ አስገባት። ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ ክልል የሚባል ነገር መጥቶ፣ ትንንሾቹ ልጆች በኦሮምኛ መማር የጀመሩበት ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ሴቶቹ ልጆች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጣብበው ነበር የሚቀመጡት። አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ ሰፋ ብለው መቀመጥ ቻሉ። የጎደሉት አልሞቱም፣ አልታመሙም፣ ሰነፎችም አልነበሩም። አንዷ ዳሪሙ ተዳረች። አንዷ የአጎቷን ሱቅ ልትጠብቅ ቀረች። የሌላዋን ማንም አልጠየቀም። ዱንያን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይህ ማንም አለመጠየቁ ነው። ልብ ወለዷንም የጻፈችው ለዚያ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ይጠይቅ ብላ።

መጽሐፉን «የሚዛኗ ልጅ» አለችው። የታሪኩ ባለቤቶች አባ ጨብሳ የሚባል የቡና ነጋዴና ሌሊሴ የምትባል ልጁ ናቸው። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አባ ጨብሳ ልጅቷ ፈተና ላይ ሳለች የክፍሉ በር ላይ ይቆማል። ጸሐይ ሆኖም ዣንጥላውን ይዟል። መምህሩን አክብሮ ሰላም ይልና ልጁን ይጠራታል። ቡና የሚመዝንለት ሰው ጥሎት ስለሄደ፣ ወቅቱ እስኪያልፍ ብቻ ሚዛኑን እንድትይዝለት ይነግራታል። አይቆጣም፣ አይጮህም። እንዲያውም ደስ ብሎታል፤ በመንገዳቸው ላይ ሱቅ ገብቶ ቀይ ጫማ ይገዛላታል። ሌሊሴ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ ሚዛኑ አጠገብ ትቆማለች፤ ወቅቱ ያልፋል፣ ሌላ ወቅት ይመጣል፣ ጸጉሯ ይሸብታል። ዱንያ ይህን ምዕራፍ የጨረሰች ዕለት ሱቋ ውስጥ ስታለቅስ ነጠላ ልትገዛ የገባች ሴት ደንግጣ «ማን ሞተ?» ብላት ነበር።

ድርሰቱ ሲያልቅ ፎቶ ኮፒ አስነስታ አዲስ አበባ ይዛ ሄደች። አንዱ አሳታሚ ገና ፌስታሏን ሳትፈታ «በራስሽ ወጪ ነው?» አላት። ሌላው ጥቂት ገጽ ገለጠና «ጽሑፍሽስ አይከፋም፣ ግን መቱ፣ ያዮ፣ ቡሬ... ይሄን ማን ያውቀዋል? ታሪኩን ወደ አዲስ አበባ አምጪው፤ እነዚህን የኦሮምኛ ቃላትም አጽጃቸው» ሲል መከራት። ዱንያ የመቱን ገበያ ከነጭቃው አንስታ ፒያሳ ላይ ለማስቀመጥ ለአፍታ ሞከረች፤ በሐሳቧ ነው። አልሆነላትም። «የኔ ሰዎች እዚህ ቢመጡ መንገድ ይጠፋባቸዋል» አለችው፤ አመስግናውም ወጣች። እንዲህ ስትል የሰማት ሰው ትዕቢተኛ ሊላት ይችላል። ቢላትም ልክ ነው፤ በዚህ ነገር ትዕቢተኛ ነበረች።

በመጨረሻ ድርሰቱን ዮፍታሄ ለሚባል፣ አነስ ያለ ማተሚያና ማሳተሚያ ቤት ውስጥ አርታኢ ለሆነ ጎልማሳ ትታለት ተመለሰች። ለብዙ ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ተስፋ ቆርጣ ወደ እውነተኛው ሂሳቧ በተመለሰችበት ሰሞን ስልክ ደወለ።

«ወይዘሮ ዱንያ፣ ሰባተኛውን ምዕራፍ አንብቤ እናቴ ጋ ደወልኩ» አላት። «እናቴም ስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። መጽሐፉን እናሳትመዋለን። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ግን አንዲት ፊደል እንዳትነኪ። እሱ ከወጣ መጽሐፍ የለም፤ እሱ ካለ ሌላው እዳው ገብስ ነው።»

ዱንያ ስልኩን ዘግታ ባንኮኒዋን ይዛ ቆመች። እነሆ፣ አንድ ሰው ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ልክ እንደተጻፈ ታትሞ ማየት።

ዮፍታሄ ጽሑፉን በኮምፒውተር አስተይባ እንድትልክለት ነገራት። መቱ ውስጥ ለዚህ ሥራ ኢብሴ አለች። ኢብሴ ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እየተየበች የምትኖር ቀልጣፋ ወጣት ናት። በኦሮምኛው ፊደል፣ በቁቤ፣ ስትጽፍ ጣቶቿ አይታዩም። ነገር ግን የተማረችው በኦሮምኛ ነው፤ የግዕዙን ፊደል የለመደችው ካደገች በኋላ፣ ለእንጀራዋ ስትል ነው። ስለዚህ በአማርኛ ስትተይብ አንድ ልማድ አላት። እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ ካላነበበች እጇ አይሄድላትም። ዱንያ ይህን አታውቅም። በየሰኞው አንድ ምዕራፍ ትሰጣትና ወደ ሱቋ ትመለሳለች፤ ሥራው በጸጥታ የሚሠራ መስሏታል።

የኢብሴ ክፍል ደግሞ ሰው የማይጠፋባት ናት። በመሬት የሚካሰሰው፣ በቀለብ የሚካሰሰው፣ የጠፋ መታወቂያ የሚፈልገው ሁሉ ተራውን እየጠበቀ አግዳሚው ላይ ይደረደራል። ኢብሴ «ሌ-ሊ-ሴ በ-ሩን ከፍታ ወጣች» እያለች ስትጽፍ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ከያዮ በድንበር ክርክር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ «ቆይ እስቲ፣ ይሄን ጨርሺው» አሉ። ባሏን ልትከስ የመጣች አንዲት ሴት ለሌሊሴ አልቅሳ፣ ማመልከቻዋን ሳታስጽፍ ወደ ባሏ ሄደች። እያደር ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ሁሉ መምጣት ጀመረ። አግዳሚው ሲሞላ በመስኮቱ በኩል፣ ዣንጥላ ተይዞ፣ ይሰማ ነበር።

ዱንያ ነገሩን ያወቀችው ጨርቅ ስትቆርጥ ነው። ደንበኛዋ ብርቱካናማውን ካስለካች በኋላ ተነፈሰችና «ይቺ ሌሊሴ ግን አሳዘነችኝ!» አለች። የዱንያ መቀስ መሀል ላይ ቆመ።

ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ወደ ኢብሴ በረረች። ልትጮህባት ነበር። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ዝናብ ላይ የቆመ ሰው አለ፤ የእሷን ዓረፍተ ነገር እየሰማ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ዱጉማ!»፣ እውነት ነው፣ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ንዴቷ በየት በኩል እንደወጣ አታውቅም፤ በምትኩ ደረቷን ኩራት ሞላው። ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቃ ገባችና ኢብሴን እንደ ደንቡ ተቆጣቻት።

«እትዬ ዱንያ፣ ማሎ!» ስትል ለመነች ኢብሴ እጇን እያማታች። «አፌን ዘግቼ እጽፋለሁ ካልኩ እጄም አብሮ ነው የሚዘጋው። ደግሞ ሰዎቹ ይጠይቁኛል፣ ሰኞ መቼ ነው ይሉኛል። እኔ ምን ላድርግ?»

እንግዲህ ከተማው አወቀ። ዱንያ ግን ያኮራት ነገር ሊያስለቅሳት እንደሚመጣ አላወቀችም።

ጋሽ ደርበው ከገበያው በታች ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ጩኸት ውስጥ ስላሳለፈ በሹክሹክታ መናገር አይችልም፤ ሰላምታው እንኳ ማዶ ሰፈር ይሰማል። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ኢብሴ ጋ ሄደ። ተራው እስኪደርስ ተቀመጠ። ዕለቱ የሰባተኛው ምዕራፍ ነበር። ኢብሴ እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ ማመልከቻውንም ሳያስጽፍ ተነስቶ ወጣ። በሳምንቱ ሽማግሌ ወደ ዱንያ ላከ።

በመቱ ሰው ሲጣላ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ጃርሳ፣ ማለት ሽማግሌ፣ ይቀመጣል። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በዚህ አንድ ነው። ጉዳዩ ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ፍርዱን ሊቀበል ቃል ይገባል። ሽማግሌ ረግጣ ወጣች የተባለች ሴት ለቅሶ ላይ ከማን ጋር ትቀመጣለች? ማንስ ሱቋ ይገባል? ዱንያ ቃሏን ሰጠች። ደርበው የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰባተኛው ምዕራፍ ከመጽሐፉ ይውጣልኝ።

የዚያኑ ዕለት ዮፍታሄን ደውላ ነገረችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር አለ። «እንዳልኩሽ ነው፤ እሱ ከወጣ የማሳትመው ነገር የለኝም። ሽማግሌዎቹ ልብ ወለድ ምን እንደሆነ አስረጃቸው።»

ቀላል አድርጎ አወራው። በወረቀት ላይ ብቻ ያለን ሰው ለአገር ሽማግሌ እንዴት ነው የሚያስረዱት?

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሐጂ መህዲ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሐጂ መህዲ ራሳቸው፣ በነገር ረጋ ያሉ የቀድሞ የቡና ነጋዴ፤ ኦቦ ሁንዴሳ፣ ከቡሬ መጥተው መቱ የከረሙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የሴቶች እድር ሊቀ መንበር እትዬ ተጂቱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ደርበው ኮቱን ቆልፎ በአንድ ወገን፣ ዱንያ ድርሰቷን በፌስታል ጠቅልላ በሌላው ወገን ተቀመጡ።

«ደርበው፣ በደልህን አሰማ» አሉ ሐጂ።

«ይቺ ልጅ ከተማ ለከተማ አዋርዳኛለች!» አለ ደርበው። በረንዳው ላይ የነበረች ድመት ተነስታ ሄደች። «አባ ጨብሳ ብላ የጻፈችው እኔን ነው። እንዳይታወቅባት ወፍጮውን ቡና አደረገችው። ሚዛኑ የኔ፣ ዣንጥላው የኔ፣ ልጅቷም የኔ! ምንዳዬ ነች። በቁሜ ስሜን አጠፋችው።»

«ዱንያ፣ አንቺስ?»

«ሐጂ፣ በአላህ ስም ነው የምነግርዎት፤ ጋሽ ደርበው ሴት ልጅ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር» አለች ዱንያ። «ወፍጮ ቤት ሚዛኑ ላይ አንዲት ሴት አለች። እህሌን ስትመዝንልኝ ስንት ዓመቷ። ልጃቸው መሆኗንም፣ ስሟንም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ፊቷ ጋለ። ማንም አልጠየቀም ብላ ስትንገበገብ የኖረችው፣ መጽሐፍ ሙሉ የጻፈችው ዱንያ፣ በየወሩ ጤፏን ከዚያች ሴት እጅ ስትቀበል አንድ ቀን ስምሽ ማነው አላለችም። ሽማግሌዎቹ ይህን አላዩባትም። እሷ ግን አየችው፤ ዋጥ አድርጋውም ተቀመጠች።

እትዬ ተጂቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ያልሰማነውን ነገር እንዴት ነው የምንፈርደው? ይነበብልን።»

«ይነበብ» አሉ ሐጂም።

ዱንያ ፌስታሉን ፈትታ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ኋላ ዝናቡን ለማሸነፍ ስትል ጮክ አለች፣ ጮክ ስትል ደግሞ ፍርሃቷ ለቀቃት። አባ ጨብሳ በሩ ላይ ቆመ። መምህሩን ሰላም አለ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጣች። ኦቦ ሁንዴሳ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ዱንያ አነበበች፤ ወደ ሱቁ ገቡ፣ ባለ ሱቁ ሳጥኑን ከፈተ፣ አባ ጨብሳ በርከክ ብሎ ቀዩን ጫማ በገዛ እጁ አጠለቀላት።

«ውሸት ነው!» አለ ደርበው ከመቀመጫው ተነስቶ። «ቀይ አልነበረም! ቡኒ ነበር!»



«ደርበው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «ምኑ ነው ቡኒ የነበረው?»

ደርበው እንደቆመ ቀረ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ። ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጉልበቱን እያሸ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ጫማውን ማን ነገራት?» አለ።

«ማንም አልነገረኝም፣ ጋሽ ደርበው» አለች ዱንያ። «ከራሴ ነው ያመጣሁት። ልጁን የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ምን ያደርጋል ብዬ አስቤ ነው።»

ይህን ጊዜ ኦቦ ሁንዴሳ ቀና አሉ። ሽማግሌ እንጂ ተከሳሽ አልነበሩም፤ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። «እኔ ጫማ አልገዛሁም» አሉ። «ቀሚስ ነው የገዛሁት፤ አበባ ያለው። ቡሬ፣ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ታማ ስለነበር፣ እናቷ እስክትድን ብዬ ነው ያስቀረኋት። እናቷም ዳነች። ልጅቷን ግን አልመለስኳትም።» በእጃቸው ወደ ወረቀቱ አመለከቱ። «ሰው ስለዚህ ታሪክ ሲያወራ የሰማሁ ዕለት፣ ይሄ ነገር እኔ ነኝ አልኩ። ለዚህ ጉዳይ ሽማግሌ ሁን ባልባል ኖሮ ዱንያን የምከሳት እኔ ነበርኩ። ደርበውን ቀደመኝ ብዬ ተናድጄበት ነው የመጣሁት።»

እትዬ ተጂቱ ሳቅ አፈናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ነጠላው ሲወርድ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«እናንተ አባ ጨብሳ ለመሆን ትጣላላችሁ» አሉ። «እኔ ደግሞ ልጅቷ ነኝ። አራተኛ ክፍል። እኔን አባቴ ያስቀረኝ በከረሜላ ነው። አያችሁ፣ ርካሽ ነበርኩ።»

ሐጂ መህዲ ጢማቸውን እየዳሰሱ አንዴ ደርበውን፣ አንዴ ሁንዴሳን፣ አንዴ በዱንያ እጅ ያለውን ወረቀት ያያሉ። ዱንያ ትጠብቃለች። ሽማግሌ ሲያዝን ደግሞ ነገር ለማብረድ «ይቅር፣ ይቅርብን» ሊል እንደሚችል ታውቃለች። ቃል ገብታለች፤ ይቅር ካሉ ይቀራል።

«ደርበው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰውዬው አንተ ነህ ብለን ብንፈርድልህ ሁንዴሳ ይከሰናል። ለሁንዴሳ ብንፈርድ ነገ ከያዮ፣ ከዳሪሙ፣ ከበደሌ ሰው እየተነሳ እኔ ነኝ ይለናል። ለእኔ አላህ ሴት ልጅ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝ ምን ገዝቼላት እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው። ሰው ስሜ ጠፋ ብሎ ይከሳል፣ መብቱ ነው። ይህች ልጅ ግን ያየችው አንድ ሰው አይደለም፣ አገር ነው። አገር ተነስቶ ስሜ ጠፋ ቢል ለማን ይከሳል?» ወደ ዱንያ ዞሩ። «እንደተጻፈ ይታተም። አንዲት ቃል እንዳትወጣ።»

እንደ ወጉ ተነስተው ተጨባበጡ። ደርበው ቃሉን አክብሮ እጁን ሰጣት፤ ዓይኑን ግን አልሰጣትም። ኮቱን እንደቆለፈ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ዱንያ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዣንጥላዋን መዘርጋት ረስታ በስብሳ ገባች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም፣ ይህን ደግሞ አትደብቅም። ከራሷ ፈጥራ የጻፈችው ሰው ተነስቶ፣ በሁለት እግሩ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ የጫማውን ቀለም አርሟታል። ለአንድ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ? ግን ከኩራቷ ጋር አንድ የሚቆረቁር ነገርም አብሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሚፈጭ እህል ሳይኖራት ወፍጮ ቤት ሄደች። ደርበው አልነበረም። ሚዛኑ ላይ ያለችው ሴት ፊቷ ዱቄት ለብሶ ቀና ብላ አየቻት።

«ዱንያ እባላለሁ» አለቻት። «ስንት ጊዜ መዝነሽልኛል፤ ስምሽን ጠይቄሽ አላውቅም።»

«ምንዳዬ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። ፈገግም አላለች፣ አልከፋትምም። «መጽሐፉ እውነት ነው የሚወጣው?»

«ይወጣል።»

«እንግዲህ እናየዋለን» አለችና ወደ ቀጣዩ ጆንያ ዞረች።

መጽሐፉ የታተመው በመስከረም ነው። ሙከሚል ካርቶኖቹን መኪናው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከራሱ መቀመጫ ጀርባ ጭኖ፣ በሸራ ሸፍኖ አመጣቸው። የጫነው ዕንቁላል ነው ቢባል ይታመን ነበር፤ ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር ተሳፋሪውን «ያዙልኝ!» እያለ ነበር የሚነዳው። ዱንያ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍታ በቀጥታ ሰባተኛውን ምዕራፍ ገለጠች። አለ። ሙሉው አለ። ሌሊሴ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወጥታለች፣ ጫማውም ቀይ ነው።

ምረቃው በከተማው አዳራሽ ተደረገ። ዮፍታሄ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ፣ መንገዱ ላይ ሆዱ ተገላብጦ፣ ገርጥቶ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ መህዲ ፊት ለፊት ነበሩ፤ ኦቦ ሁንዴሳ ከቡሬ ልጃቸውን አስመጥተው አጠገባቸው አስቀምጠዋታል። ሰባተኛውን ምዕራፍ ለሕዝቡ ያነበበችው ኢብሴ ናት፤ ሌላ ሰው ያንብብ ቢባል አዳራሹ እሺ አይልም ነበር። አሁን ቃሉን ሁሉ በቃሏ ስለያዘችው አልተንተባተበችም። ስታበቃ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ዱንያ መድረኩ ላይ እያለቀሰች እየሳቀች፣ ሁለቱን እየቀላቀለች ቆመች፤ አባቷ ሰማን ይህን ቢያይ ብላ ተመኘች።

ከዚያ ጠረጴዛ ተዘረጋና መፈረም ጀመረች። ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። «ለማን ልበል?» ትላለች፣ ትጽፋለች፣ ትሰጣለች። እጇ ሲዝል ቀና ስትል ጋሽ ደርበው ፊቷ ቆሟል። ያንኑ ኮቱን ቆልፏል። ከጎኑ ምንዳዬ ናት፤ ዱቄቱ ታጥቦ ፊቷን ዱንያ ገና በትክክል ማየቷ ነው።

«ለማን ልበል፣ ጋሽ ደርበው?»

«ለሷ» አለ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ግን አዳራሹ ሰማው። «ለምንዳዬ በይበት። ከሥሩ ደግሞ፣ አባ ጨብሳ ያባትሽ ስም ነው ብለሽ ጻፊ።»

«ሽማግሌዎቹ እኮ እርስዎ አይደሉም ብለዋል።»

«ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ለከተማው ነው» አለ ደርበው። «ለከተማው እኔ አልሆን ይሆናል። ለሷ ግን እኔ ነኝ።»

ዱንያ የምንዳዬን ስም ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶውን አዙራ ሰጠችው። «ይቺንስ እርስዎ ይጻፏት» አለችው። ደርበው ጎንበስ ብሎ፣ ጠረጴዛውን በአንድ እጁ ተደግፎ፣ በትልልቅ ፊደል ቀስ እያለ ጻፈ። ሰልፉ ሁሉ ጠበቀው። ምንዳዬ መጽሐፉን ተቀብላ አባቷ የጻፈውን አነበበች፣ ደግማም አነበበችው። ውፍረቱን በጣቷ ለካች።

«አባዬ» አለች፣ «እስክጨርሰው ድረስ ሚዛኑን እርስዎ ይይዙልኛል።»

መጠየቋ አልነበረም፤ መንገሯ ነበር። ደርበውም «እሺ» አለ።

በማግስቱ ዱንያ ጤፏን አሸክማ ወፍጮ ቤት ሄደች። ከውጭ፣ ጸሐይ ላይ፣ ምንዳዬ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታነባለች፤ ቀና አላለችም። ውስጥ ደርበው ሚዛኑ ላይ ዱቄት ለብሶ ይፍጨረጨራል። የመመዘኛውን ድንጋይ እያሳሳተ፣ እያነሳ፣ እንደገና እያስቀመጠ ሰዉን በሰልፍ አቁሞታል። ከዳሪሙ የመጣ አንድ ገበሬ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እንዲህ ከምንውል ለምን ልጅቷን አይጠሯትም? እሷ ቶሎ ትጨርስልን ነበር» አለ።

«ተዋት!» አለ ደርበው፣ ከሞተሩ በላይ፣ ከገበያው በላይ እየጮኸ። «እያነበበች ነው!»